የኮሌታው ልክ

የካቲት 9

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቀጮ፤

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ፤ በወጣህበት በር በሰላም ያስገባህ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ እጄ ስለለመደ ነው እንጂ ዛሬስ ሙሉ ለሙሉ እውነት አልጻፍኩልህም። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኬን ሱቅ ውስጥ ስለማነሳው ነው። ደንበኛው ሁሉ ልብስ ሊለካ ይመጣና የእኔን ወሬ ለክቶ ይሄዳል። ደግሞ አንተ ስልክ ላይ ስትደነግጥ ዝም ትላለህ፤ ዝምታህን ስሰማ እኔ የባሰ እደነግጣለሁ። ደብዳቤ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወራት በፊት የጀመረኝ ሳል አልለቅ አለኝ። የጨርቅ ብናኝ ነው፣ ያልፋል አልኩ። ከሱቄ በታች ያለው ጫማ ሰሪ፣ «እኔ ከታች መዶሻ፣ አንቺ ከላይ ሳል፣ ተባብረን ደንበኛ ጨረስን» እያለ ሲያሾፍብኝ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ እጄን ይዞ ሆስፒታል ወሰደኝ። ራጅ ተነሳሁ። አንድ ነገር አለ ብለው ደግሞ ያንን ትልቅ ቀለበት የሚመስለውን ሲቲ ስካን አነሱኝ። ቀኝ ሳንባዬ ላይ፣ ወደ ትከሻዬ ጠጋ ብላ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ተቀምጣለች። «ዕድሜ ልኬን ሰው ላይ ቁልፍ ስተክል ኖሬ እኔ ላይ ማን ተከለብኝ?» አልኩት ሐኪሙን። አልሳቀልኝም።

ሐኪሙ ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ነው። «ክፉም ልትሆን ትችላለች፣ ጉዳት የሌላትም ልትሆን ትችላለች። ሦስት ወር ቆይተን ደግመን እናንሳት። ካደገች እናወጣታለን፣ ካላደገች እንተዋታለን» አለኝ። ቀጮዬ፣ ምንነቷ ሳይለይ ሦስት ወር እንዴት አድርጌ ነው የምተኛው? የአንተ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ተቀምጠህ የሰው ሳንባ የምታነበው። የጫማ ሰሪው ልጅ ወዳለህበት ስለምትመጣ ራጁንና ሲዲውን በእሷ ልኬልሃለሁ። ሰማያዊ ሸሚዝም አለበት። ኮሌታው በዚያች በማታረጀዋ ልኬ ነው የወጣው፤ አንገትህ ካልወፈረ ይሆንሃል።

ሌላ ጊዜ ገንዘብ ስጠይቅህ እያፈርኩ ነው። ዛሬ ግን ሳላፍር ነው የምጠይቅህ። እያትና ምን እንደሆነች ንገረኝ። ያልከኝን አደርጋለሁ።

እህትህ


መጋቢት 6

ለእታለም፤

ጉልበትሽን እየሳምኩ፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልሽ እላለሁ። ልጅቷ ያመጣችውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ሸሚዙ ልክ ነው፤ አንገቴ አሁንም የድሮው የቀጮ አንገት ነው።

አየኋት። እንደማየው የሌላ ሰው ሥዕል ላያት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። በሥራ ቋንቋ ብነግርሽ ስለሚያናድድሽ ባንቺ ቋንቋ ልንገርሽ። እንዲህ ያለች ነገር ስናገኝ መጀመሪያ የምናየው ጠርዟን ነው። ጠርዟ ልሙጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም። ያልተዘመዘመ ጨርቅ መስሎ ክር ክር የሚል ከሆነ ግን ያሰጋል። መሐሏ እንደ ጠመኔ ከነጣ ደግሞ አሮጌ ናት፣ ሰውነት ራሱ ዘግቶባታል ማለት ነው። ያንቺ ጠርዟ ክር አለው፤ መሐሏም አልነጣም። ይህ ለካንሰር ያደላል። ነገር ግን ድሮ ቲቢ ነክቶሽ ሳታውቂው ቢያልፍ፣ ጥሎት የሚሄደው ጠባሳም ልክ እንዲህ ሊመስል ይችላል። አንድ ሥዕል ብቻውን ከዚህ በላይ አይነግረኝም።

ሊነግረኝ የሚችለው የድሮ ራጅ ነው። ካንሰር ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ያድጋል። ከዓመታት በፊት የተነሳሽው ራጅ ተገኝቶ ይህቺው ነገር በዚሁ መጠኗ እዚያ ላይ ካለች፣ ጠባሳ ናት፤ ማንም አይነካትም። ስለዚህ እባክሽ ሳጥንሽን፣ የፍራሽሽን ሥር፣ የቁምሳጥኑን ላይ ሁሉ ፈልጊ። ደረትሽን ተነስተሽ ታውቂያለሽ? ፊልሙ የት ገባ? ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 29

ለቀጮዬ፤

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባንቺ ቋንቋ ልንገርሽ አልከኝ፤ ባይገባኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ራጅ አንድ ጊዜ ተነስቻለሁ። አንተ ገና ተማሪ ሳለህ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያስል በነበረበት ዓመት። ምንም የለብሽም፣ ብርድ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጥተው ሰደዱኝ። ፊልሙን ይዤ ቤት እንደገባሁ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ ግን እግዜር ይወቀው። ቤቱን ገለበጥኩት። ፍራሹን አንስቼ፣ ሳጥኑን ዘርግፌ፣ ከቁምሳጥኑ ላይ አቧራውን በአፌ በአፍንጫዬ አስገብቼ ፈለግኩ። የጠፋው መቀስ ተገኘ፤ ያንተ የአራተኛ ክፍል ደብተር ተገኘ፤ ራጅ የለም። ቤት ስንለውጥ ተጥሎ ይሆናል። ማን ራጅ ያስቀምጣል ብለህ ነው?

ያ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አንተ ያልከውን ነገርኩት። «ወንድምሽ ልክ ነው፤ የድሮ ፊልም ከሌለ ግን አዲሱን የድሮ አድርገን እንጠብቅ። ከሦስት ወር በኋላ ይሄኛው የድሮ ፊልማችን ይሆናል» አለኝ። አነጋገሩ ደስ አለኝ፤ ቢላዋ ስለምፈራም ይሆናል። አንተስ ምን ትላለህ? አድርጊ ካልከኝ አደርጋለሁ፣ ጠብቂ ካልከኝም እጠብቃለሁ።

አምላክ ካንተ ጋር ይሁን።

እህትህ


ሚያዝያ 15

እታለም፤

ሰላምታዬን ባጭሩ ተቀበይኝ።

አትጠብቂ። ያ ሐኪም ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እኔ የማየውን አላየም። እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ «ትንሽ ልጠብቅ» ያለ ሰው ሥዕል ይመጣልኛል፤ ሲመጣልኝ ጊዜው አልፏል። አንቺን እንዲህ ሆነሽ ላይሽ አልፈልግም። የሳንባሽን የላይኛውን ክፍል ያወጡታል፤ በቀረው ትተነፍሻለሽ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ኖሯል። ቀዶ ሕክምና የሚያደርገውን ሰው ስልክ ደውዬ አነጋግሬዋለሁ። ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ልኬያለሁ፤ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል እንዳትጽፊልኝ።

በእኔ እመኚ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 20

ለወንድሜ፤

ፊደሌ ቢንጋደድብህ ይቅር በለኝ፤ ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ቆርጠው ያወጡት ተመርምሮ ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለችም። ወረቀቱ ላይ «አሮጌ ጠባሳ» ነው የሚለው፤ ጫማ ሰሪው ጮክ ብሎ አነበበልኝና መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። ያ ትልቅ ሰውዬ! እኔም አለቀስኩ። ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ደስ ይበልህ።

ከዚያ በፊት ያለፈውን ደግሞ ልንገርህ፤ ሰው ነግሮህ እንዳትደነግጥ። ቁስሉ አመረቀዘ። ከሳንባዬ አየር እየወጣ አልዘጋም ብሎ ቱቦ ጎኔ ውስጥ ከርሞ ነበር፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ እንደገና ገባ። የቀረውም የሳንባዬ ክፍል በደንብ አልተነፋም ይላሉ። አሁን ከአልጋዬ እስከ በሩ ስሄድ እቆማለሁ። ሳቅ ቀርቶብኛል፤ ስስቅ ትንፋሼ ያልቅና ሰው ይደነግጥብኛል።

ያ ልጅ ሐኪም አልጋዬ ድረስ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ሲለኝ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ምነው አልኩት። ምንም አለኝ።

እህትህ


ነሐሴ 11

ለእታለም፤

ተመስገን! ተመስገን! ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ከፍቼ አብረውኝ የሚሠሩት እስኪያፈጡብኝ ጮህኩ። ከዚህ የሚበልጥ ዜና ለእኔ የለም።

ትንፋሹ ይመለሳል። ቀስ በቀስ ነው፤ በቀን ትንሽ ትንሽ ተራመጂ። እኛ ያደረግነው ትክክል ነው እታለም። ሳይወጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ሥዕሉ ያስፈራ ነበር። ዛሬም ቢጠየቅ ሌላ ሐኪም እኔ ያልኩትን ነው የሚለው። ይህን ደጋግሜ የምጽፍልሽ እንዳትጸጸቺ ብዬ ነው።

የሚያስፈልግሽን ሁሉ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ቤትህ በጤና ይሙላ።

እኔ እየኖርኩ ነው። የላይኛውን ሱቅ ለቀቅኩ። ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ጣርኩ፤ መሐል ላይ ያለችው ሰፊዋ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ስል እውል ነበር፤ ላይ ስደርስ ቀኑ ያልቃል። ያ መስኮት፣ ያ ብርሃን፣ ያ ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ለሌላ ሰው ሄደ። የመጣችው ልጅ ጥፍር ትቀባለች። ጫማ ሰሪው ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቦታ ቆርሶ ሰጠኝና የስፌት መኪናዬን አወረዱልኝ። ግን የእግር መኪና ሳንባም ይፈልጋል ለካ! አንድ እጅጌ እገጥምና አርፋለሁ። ጫማ ሰሪው «አሁን እንኳ መዶሻዬ ብቻዋን ቀረች፤ ሳልሽ ናፈቀኝ» ሲለኝ ልስቅ ብዬ ትንፋሼ አጠረኝ፤ እሱም ደንግጦ ቀልድ ተወ። ሰውዬው ዝም ሲል ደግሞ እንዴት እንደሚያሳዝን!

የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ልቆርጥ ልኮቼን ከምስማሩ ላይ አወረድኳቸው። ታውቃቸዋለህ፤ ወረቀት ስለሚቀደድ፣ ካርቶን ጠርዙ ስለሚላላ፣ የኮሌታና የኪስ ልክ የምቆርጠው በራጅ ፊልም ነው። ሰዉም አሮጌ ራጁን አይጥለውም፤ ለልብስ ሰፊዋ ይሆናል ብሎ ያመጣልኛል። ያቺን የማታረጀዋን የኮሌታ ልክ ጨርቁ ላይ አስቀምጬ በጠመኔ ሳሰምር ጠርዟ የተጎረደ መሰለኝና ወደ ብርሃኑ አነሳኋት። በላይኛው ሱቅ ብርሃኑ ከጀርባዬ ነበር፤ እዚህ ደጃፍ ላይ ግን ፊት ለፊቴ ነው።

ቀጮ፣ የጎድን አጥንት አየሁ። ከጎድን አጥንቱ በላይ፣ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው የማንገርቴ አጥንት አለ፤ መሐሉ ላይ ጎብጦ የተገጠመ። ልጅ ሆኜ ከመሰላል ወድቄ የተሰበርኩትን ታውቃለህ አይደል? በሸሚዝ ላይ ሳይቀር ያስታውቅብኛል፤ አንተ ትንሽ ልጅ ሳለህ እየዳሰስክ «እታለም እዚህ ጋ ቋጠሮ አላት» ትል ነበር። ያ ነው። ከሱ ሥር ደግሞ አንዲት ፈዛዛ ነገር አለች። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል።

ስሙና ቀኑ ስቆርጥ ወድቋል። ያን ጊዜ ራጅ ስትለኝ እኔ የፈለግኩት ራጅ ነበር፤ ይህቺ ደግሞ ለእኔ ኮሌታ ናት። ያንተን ሰማያዊ ሸሚዝ በዚህችው ቆርጬ ነው ከራጁ ጋር የላክሁልህ።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ስትጠይቀኝ የነበረው ይህንን ነው እንዴ?

እህትህ


ታኅሣሥ 12

ለእታለም፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶኛል።

እዚህ ሥራ በዝቶብኛል፤ ሁለት ሰው ለቆ እኔ ነኝ የምሸፍነው። አየሩም ከብዷል። ስለ መኪናው ሳስብ ሰነበትኩ። በእግር የሚሠራውን ተዪውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ልግዛልሽ፤ የምትወጂውን ዓይነት ጫማ ሰሪው አይቶ ይጻፍልኝ። ኪራዩንም እኔ ልክፈልና መሬት ላይ ያለ፣ መስኮት ያለው ሱቅ ፈልጊ። ለመድኃኒትም ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። በርቺልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 1

ቀጮ፤

የላክኸው ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

መኪና አላልኩህም። ሱቅ አላልኩህም። አንድ ነገር ጠየቅሁህ፤ ስለ እሷ አንድ ቃል አልጻፍክም። ያ ስልክ ላይ ዝም የምትለው ዝምታ በደብዳቤም ይመጣል ለካ። እኔ አሳድጌሃለሁ፤ ብርጭቆ ሰብረህ ስለ አየሩ የምታወራ ልጅ ነበርክ።

ንገረኝ።

እህትህ


ጥር 26

እታለም፤

በምን አፌ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም።

ኮሌታው የደረሰኝ ቀን ወደ ሥራ ይዤው ሄድኩ። ከአዲሱ ራጅሽ አጠገብ ብርሃን ላይ ሰቀልኩት። የማንገርቴ አጥንትሽ ያው ነው፤ ቋጠሮው ያው ነው። ሥሩ ያለችውም ያቺው ናት። ለካኋት፤ ደግሜ ለካኋት፤ ሌላ ሐኪም ጠርቼ የማን እንደሆነ ሳልነግረው ለካልኝ። አላደገችም። ክሮቿ እንኳ በየቦታቸው ናቸው። ከአሥር ዓመት በላይ እንዳለች ተቀምጣ ነበር።

ይህን ፊልም ቀድሜ ባየው ኖሮ «ጠባሳ ናት፣ አትንኳት» ብዬ እጽፍልሽ ነበር። አሁን ላይኛው ሱቅሽ፣ መስኮትሽ ሥር ትስቂ ነበር። ነሐሴ ላይ «ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ሆኖ ቀረ። ያ ልጅ ሐኪም ያውቅበት ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ ደግሞ ቢያነሳሽ ኖሮ እንዳለች ያገኛት ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ይጠብቃል። ይኸው ነው ትክክለኛው አሠራር።

በጣም የሚቆጨኝን ልንገርሽ። የማላውቀው ሰው ሥዕል እንዲህ ሆኖ ቢመጣልኝ፣ የድሮ ፊልም ከሌለ፣ «ከሦስት ወር በኋላ ይደገም» ብዬ ነበር የምጽፈው። በየቀኑ እጽፈዋለሁ። ለማላውቀው ሰው ልቤ ረጋ ብሎ ያነባል። ላንቺ ግን ፈራሁ። ሦስት ወር ሙሉ ፈርቼ መኖር አቃተኝና የእኔን ፍርሃት ካንቺ ደረት ላይ ቆርጬ አወጣሁት። አንቺ ደግሞ አመንሽኝ።

እሱም ብቻ አይደለም። እኔ እዚያ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛሽ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የቤት ሥራዬን የሠራሁት። ራጅ ላይ ልክ ስትቆርጪ ቁርጥራጩ እግሬ ሥር ሲወድቅ እያነሳሁ የሰው ጣት፣ የሰው ጉልበት እያልኩ ስጫወት ነው ያደግኩት። ሳጥን ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር ፈልጊ ብዬ ስጽፍልሽ፣ ምስማሩ ላይ ያለውን እዪ ማለት እንዴት አጣሁ? አሁን ሰው ሲመጣ የድሮ ራጅ አለህ ወይ ብዬ አልተውም። ምን አደረግህበት፣ መስኮት ከለልክበት፣ ልጅ ተጫወተበት፣ ምን ቆረጥክበት እያልኩ እጠይቃለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ይስቁብኛል።

ኮሌታውን መልሼልሻለሁ። ላስቀረው ፈልጌ ነበር፤ ግን ያንቺ ነው።

ይቅር በይኝ ማለት አፌ ላይ አልመጣልኝም፤ ስለማይገባኝ ነው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 20

ለቀጮ፤

ለመጻፍ የቆየሁት ተናድጄ ነው። አልተናደድኩም ብዬ አልዋሽህም። ደረጃውን ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ያንን መስኮት አያለሁ፤ ባየሁት ቁጥር በአንተ እቃጠላለሁ። ከዚያ ደግሞ ያቺን ኮሌታ እጄ ይዛ የቆረጠችውን ሸሚዝ ሁሉ አስባለሁና በራሴ እቃጠላለሁ። ሁለታችንን አንድ ላይ የሚያነድድ እሳት ሆኖብኛል።

ደብዳቤህን ለጫማ ሰሪው አነበብኩለት። «ቢያንስ ከፍርሃቱ ሳይሆን ከፍቅሩ ነው» አለ። እኔ ደግሞ አይ፣ ከሁለቱም ነው አልኩት። ትክክል አይደለሁም?

ያ ልጅ ሐኪም ዘንድ ኮሌታዋን ይዤ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ለጥፎ አያት። እኔ ነግሬያችሁ ነበር ይላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላለም። «ለሌሎች ታካሚዎች እንዳሳያት ላንድ ሳምንት አውሺኝ» ብቻ አለኝ። አውሼው በቀጠሮው መለሰ። ጢምም አብቅሏል።

የኤሌክትሪክ መኪናው መጣ። ጥሩ ነው፤ እግሬ ሥራ ፈትቶ ግራ ገብቶታል። በሱ የመጀመሪያውን ሸሚዝ የሰፋሁት ላንተ ነው። ነጭ ነው። ኮሌታው በዚያችው ልክ ነው የወጣው፤ ሌላ ልክ ላወጣ ወረቀት ዘርግቼ ተውኩት። እያረፍኩ ስለሆነ የሰፋሁት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። እጅጌው ላይ ትንሽ ጠማማ ታገኛለህ፤ ትንፋሼ ያጠረኝ ቦታ ናት፣ አልፈታሁትም።

ቁልፎቹን ሁሉ ተክያለሁ፤ የላይኛዋ፣ ኮሌታው ላይ ያለችው ስትቀር። ረስታት ነው ብለህ በማንም እንዳታስተክላት። እሷን የምተክላት አንተ እፊቴ ቆመህ፣ አንገትህን ቀና አድርገህ ነው። ደረጃ የለብኝም፤ ደጃፍ ላይ ነው የምታገኘኝ። መርፌውን ይዤ የምለው ብዙ አለኝና ሳልጨርስ እንዳትነቃነቅ።

እህትህ